ፎቶግራፍ የዕቃችን ምስክር ነው

ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የለም። ገዢ በገበያ እንዴት እንደሚገዛም ሁላችንም እናውቃለን። ጀበና የሚገዛ ሰው አንሥቶ በጣቱ ያንኳኳል፤ ድምፁን ሰምቶ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይለያል። ቅቤ የሚገዛ ያሸታል፣ ይቀምሳል። በግ የሚገዛ ጀርባውን ይዳስሳል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ወንበር የሚገዛም ይቀመጥበታል፣ ያወዛውዘዋል። ገዢው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሻጩን ስለሚጠላ አይደለም። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እውነቱን ማወቅ ስለሚፈልግ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ዓይነት ገበያም አለ። ይህ ገበያ ዳስም መደብም የለውም። በእጅ ስልክ የሚካሄድ ገበያ ነው። ሻጩ ዕቃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ያወጣዋል። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ተቀምጦበት ሳለ ያየዋል። ዋጋ ይነጋገራሉ። ገንዘቡም በባንክ ወይም በቴሌብር ይላካል። ቴሌብር ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. የጀመረው፣ ገንዘብን በስልክ የመላኪያና የመቀበያ አገልግሎት ነው።

በዚህ ገበያ ገዢው ማንኳኳት፣ ማሽተትና መዳሰስ አይችልም። ያለው ዐይኑ ብቻ ነው። ዐይኑም የሚያየው እኛ ያሳየነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ በገዢው እጅ ፈንታ ይሠራል ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው። ጥሩ የሽያጭ ፎቶግራፍ የሚባለው ዕቃውን የሚያስውበው አይደለም፤ ገዢው የሚጠይቀውን በእውነት የሚመልሰው ነው።

ትምህርቱን የት እንለማመደው?

እኛ ለዚህ ትምህርት የተመደብን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መለማመጃ እንዲሆነን የመረጥነው ጉዱማሌን ነው። ጉዱማሌ በሐዋሳ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር የሚገኝ ቦታ ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ በአደባባይ የሚያከብርበት ሥፍራ ነው። የበዓሉን ቀን አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ይወስናሉ። ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ጉዱማሌን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በበዓሉ ከቅርብም ከሩቅም ሰው ይመጣል። እንግዳው ያየውን የእጅ ሥራ አገሩ ከገባ በኋላ ቢፈልገው፣ ሻጩን የሚያገኘው በስልክ ነው። ሁለተኛ፣ በጉዱማሌ ሜዳም፣ የዛፍ ጥላም፣ የሚያንጸባርቅ ውኃም አለ። ብርሃን ዕቃን እንዴት እንደሚለውጥ በአንድ ቀን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ዕቃ እንውሰድ። በሲዳማ ደጋ፣ በሁላና በአርቤጎና በኩል ቀርከሃ ይበቅላል። ከቀርከሃ ቤትም፣ አጥርም፣ ቅርጫትም፣ ወንበርም ይሠራል። እንግዲህ የምንሸጠው አንድ የቀርከሃ ወንበር ነው እንበል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስላ

አንድ ሰው ወንበሩን እዚያው መንደሩ ለመጣ ነጋዴ በ400 ብር ይሸጣል እንበል። ያው ሰው በስልክ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ቢሸጠው 800 ብር ያገኝበታል እንበል። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለማጓጓዣ 150 ብር ሻጩ ቢከፍል 650 ብር ይተርፈዋል። ለነጋዴው ከሸጠው በ250 ብር ይበልጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደግ ሆኖ ሳለ፣ ፎቶግራፉ ቢዋሽስ? ገዢው ወንበሩን ተቀብሎ፣ «ይህ በፎቶ ያየሁት አይደለም፤ እግሩ የተሰነጠቀ ነው፤ መልሱ» ቢልስ? ለመሄጃው 150 ብር ወጥቷል። ለመመለሻው ሌላ 150 ብር ይወጣል። ድምሩ 300 ብር ነው። ወንበሩም ሳይሸጥ ቤቱ ተመለሰ። አያችሁ? የአንዱ ሐሰተኛ ፎቶግራፍ ኪሣራ ከአንዱ ጥሩ ሽያጭ ብልጫ ይበልጣል። ይህ እንግዲህ የጠፋው ስም ሳይቆጠር ነው። ስም ደግሞ ከጠፋ በማጓጓዣ አይመለስም።

ብርሃን

ፎቶግራፍ የሚሠራው በብርሃን ነው። ስልኩ ውድም ይሁን ርካሽ፣ ብርሃኑ መጥፎ ከሆነ ፎቶግራፉ መጥፎ ነው።

በእኛ አገር ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚህ ጊዜ የወንበሩ መደገፊያ ነጭ ሆኖ ይነዳል፤ ከመቀመጫው በታች ያለው ግን ይጠቁራል። ገዢው እግሩን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ አናንሣ። ጧት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው።

ፀሐይ ከኋላችን ወይም ከጎናችን ትሁን። ከዕቃው ኋላ ከሆነች ዕቃው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በጉዱማሌ ይህን ማየት ቀላል ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ጧት ጀርባችንን ለከተማው ሰጥተን፣ ወንበሩን በሐይቁ በኩል አድርገን ብናነሣ ፀሐይዋ ፊት ለፊቱን ታበራዋለች። ማታ ግን እንደዚያው ብንቆም ፀሐይዋም የውኃው ነጸብራቅም ከወንበሩ ኋላ ይሆናሉ፤ ወንበሩም ከሰል ይመስላል። ስለዚህ ማታ ዞር ብለን ጀርባችንን ለሐይቁ መስጠት አለብን።

የዛፍ ጥላ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት። በቅጠሉ መካከል የሚሾልከው ፀሐይ ዕቃውን ዝንጉርጉር ያደርገዋል። የቅጠሉም አረንጓዴነት በነጭ ነገር ላይ ያርፋል። ሰማያዊ ሸራ ሥር ደግሞ ነጩ ነጠላ ሰማያዊ፣ ቢጫው ቅቤ አረንጓዴ መስሎ ይወጣል። ገዢው የተላከለትን ሲያይ፣ «ቀለሙ ሌላ ነው» ይላል። ፀሐይ የማያገኘው የቤት ግድግዳ ጥግ፣ ከላዩ ሰማይ ክፍት የሆነ ቦታ፣ ከሁሉ ይሻላል። ዝናብ ከሆነና ቤት ውስጥ ከሆንን ዕቃውን በር አጠገብ እናስቀምጥ። ጨለማ በሆነው ጎን ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ ብናቆም ብርሃኑን ይመልስልናል። የስልኩን ፍላሽ እናጥፋው፤ የሸክላንና የብረትን ፊት ያብለጨልጫልና።

ከዕቃው ኋላ ያለው ነገር

ገዢው ወንበሩን እንጂ ጀሪካኑን፣ ዶሮውንና የተሰጣውን ልብስ ሊያይ አይፈልግም። ስለዚህ ከዕቃው ኋላ ያለውን ሁሉ እናንሣ። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ወይም የተለሰነ ግድግዳ ይበቃል። አቡጀዲ ካለ ለጥቁር ጀበናና ለቀርከሃ ይስማማል። ነጭ ዕቃ ግን በነጭ ላይ አይለይም፤ ለነጠላና ለጋቢ ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ ወይም ሰሌን እንፈልግለት። ጨርቁም ንጹሕ ይሁን። የቆሸሸ ጨርቅ የዕቃውን ባለቤት ያሳማል።

የስልኩ አያያዝ

አንደኛ፣ በስልኩ ጀርባ ያለችውን ትንሿን የካሜራ መስተዋት በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ እንጥረግ። የጣት ቅባት ካለባት ፎቶግራፉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ብዙ ሰው ስልኩ የተበላሸ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በስልኩ ፊት ላይ በጣት አስፍተን ዕቃውን ከማቅረብ በእግራችን እንቅረብ። በጣት የቀረበ ዕቃ ይደበዝዛል።

ሦስተኛ፣ ክንዳችንን ከጎናችን አስጠግተን፣ ስልኩን በሁለት እጅ ይዘን፣ ትንፋሻችንን ቆም አድርገን እናንሣ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደፈርሳል።

አራተኛ፣ ከማንሣታችን በፊት በስልኩ ፊት ላይ ዕቃውን በጣት ነካ እናድርገው። ስልኩ ዕቃውን አጥርቶ ያያል።

አምስተኛ፣ በዕቃው ቁመት ልክ እንውረድ። ወንበርን ቆሞ ከላይ የሚያነሣ ሰው እግሩን ያሳጥረዋል። በግንም እንዲሁ። በርከክ ብለን በጎኑ ብናነሣው ቁመናው እንዳለ ይታያል።

ስንት ፎቶግራፍ ይበቃል?

አምስት ይበቃል። ከዚያ በላይ ቢሆን የላኪውንም የተቀባዩንም የኢንተርኔት ገንዘብ ይበላል። አምስቱም እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ይመልሱ።

1. ከፊት ለፊት፦ «ምንድን ነው?» የሚለውን ይመልሳል።
2. ከጎን፦ «ቅርጹ እንዴት ነው?» የሚለውን ይመልሳል።
3. ከኋላ ወይም ከሥር፦ «የተሰወረው ምን ይመስላል?» የሚለውን ይመልሳል። ጀበና ከሆነ ቂጡን፣ ወንበር ከሆነ ማሰሪያውን እናሳይ።
4. ቀረብ ብሎ፦ «አሠራሩ ጠንካራ ነው? እንከንስ አለው?» የሚለውን ይመልሳል።
5. ከሚታወቅ ነገር ጋር፦ «መጠኑ ምን ያህል ነው?» የሚለውን ይመልሳል።

ይህ አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በባዶ ጨርቅ ላይ ለብቻው የተነሣ ሙዳይ የቡና ስኒ ያክል ይሁን የእንስራ ያክል አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር አጠገቡ እናስቀምጥ። የቡና ስኒ ወይም የ20 ሊትር ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ስንዝርም ይረዳል፤ ነገር ግን የሰው እጅ ይለያያልና በሜትር የተለካውን ቁጥር በጽሑፍ እንጨምርበት።

እንከንን መደበቅ ለምን ይጎዳል?

አንዳንድ ሰው፣ «እንከኑን ካሳየሁ ማን ይገዛኛል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በፎቶግራፍ የታየ ጭረት ከገዢው ጋር ዋጋ ያስነጋግራል። የተደበቀ ጭረት ግን ዕቃውን ያስመልሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዕቃው ገዢው ቤት የደረሰ ዕለት የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል።

ስልኮች ፎቶግራፍን የሚያሣምሩበት ዘዴም አላቸው። ያደበዘዘውን ያደምቃሉ፣ የጠቆረውን ያነጣሉ። ጨለም ብሎ የወጣውን ፎቶግራፍ የዕቃውን እውነተኛ መልክ እስኪያገኝ ማብራት ነውር አይደለም። አሮጌውን አዲስ ማስመሰል ግን ማታለል ነው። ከሌላ ሰው ገጽ የተሻለ ፎቶግራፍ ወስዶ የራስ ዕቃ አስመስሎ ማውጣትም እንደዚሁ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ስለ ንግድ ዕቃ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ማስታወቂያ ማውጣትን ይከለክላል።

ከሌላ አገር የምንማረው

ዕቃን ሳይዳስሱ መግዛት በስልክ አልተጀመረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ሰው በአሜሪካ አገር፣ በቺካጎ ከተማ፣ የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት አሳተመ። በወረቀቱ ላይ 163 ዕቃዎች ነበሩ። ወረቀቱን የላከው ለገበሬዎች ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል በገጠር እየዞረ ይሸጥ ስለነበር፣ ገበሬዎች በአካባቢያቸው ባለ ሱቅ ዋጋ እንደሚማረሩ ያውቅ ነበር። ገበሬው በደብዳቤ ያዝዛል፤ ዕቃው በባቡር ይደርሰዋል።

ገበሬው ግን የማያውቀውን ሰው እንዴት ይመን? ዋርድ በ1875 መልስ ሰጠ። ዕቃውን ያልወደደ ሰው ይመልሰው፣ ገንዘቡም ይመለስለታል አለ። ወረቀቱም ከጊዜ በኋላ በሥዕል የተሞላ ወፍራም መጽሐፍ ሆነ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሩቅ ያለ ገዢ የሚመጣው በሥዕል ብቻ አይደለም፤ በእምነትም ነው። ሥዕል ገዢን አንድ ጊዜ ይጠራዋል። እምነት ግን ደግሞ ደጋግሞ ያመጣዋል።

ጽሑፉን ራሳችሁ ጻፉ

ፎቶግራፍ የማይናገረው ነገር አለ። የቅቤ ሽታ፣ የማር ጣዕም፣ የዕቃ ክብደት በፎቶግራፍ አይታይም። ይህን የሚናገረው ጽሑፍ ነው። ፊደል የቆጠራችሁበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ጽሑፉን ሌላ ሰው ከጻፈላችሁ ዋጋውንም፣ ቃሉንም፣ የስልክ ቁጥሩንም የሚወስነው እርሱ ነው። ገዢውም የሚያውቀው እርሱን እንጂ እናንተን አይደለም። ስማርት ስልክ በእጃችሁ ባይኖር እንኳ፣ በልጃችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ስልክ የሚወጣውን ጽሑፍ ከመላኩ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። የሚከተለውን እንደ ናሙና ተመልከቱ።

«የቀርከሃ ወንበር። በእጅ የተሠራ፣ አዲስ። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ወርድ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በኋላ እግሩ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፤ በ4ኛው ፎቶግራፍ ይታያል። ዋጋው 800 ብር ነው። ማጓጓዣውን ሻጩ ይችላል። ብዛት 3። ቦታው ሐዋሳ።»

ጽሑፉ አጭር ነው። ነገር ግን ገዢው ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ብዙ አልቀረም። የሚበላ ነገር ከሆነ መቼ እንደተዘጋጀና ስንት ኪሎ እንደሆነ ይጨመርበት።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

በበዓልና በገበያ ቦታ ዕቃ ስናነሣ ሰው አብሮ ይገባል። የሰውን ፊት፣ በተለይም የሕፃናትን፣ ሳናስፈቅድ አናውጣ። እናቶች በፊቼ ጨምበላላ አምረው የወጡት ለበዓላቸው እንጂ ለዕቃችን ማስታወቂያ አይደለም። መታወቂያ፣ የባንክ ደብተርና የቤት ሰነድም በፎቶግራፉ ውስጥ እንዳይታይ እንይ።

ከሁሉ በላይ ግን ክፍያው ያስጠነቅቃል። አንዳንድ አታላይ፣ «ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ይኸው ደረሰኙ» ብሎ የሐሰት መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶግራፍ ይልካል። እኛ በፎቶግራፍ እንደማንዋሽ ሁሉ፣ በፎቶግራፍ እንዳንዋሽም እንጠንቀቅ ማለት አይበቃም፤ እንዳንታለልም መጠንቀቅ አለብን። ደረሰኝ የሚመስል ፎቶግራፍ ገንዘብ አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል። በቴሌብር ከሆነ *127# ደውላችሁ፣ በባንክ ከሆነ በራሳችሁ ሒሳብ፣ ቀሪውን ገንዘብ አይታችሁ አረጋግጡ። ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃው ከቤት አይውጣ። ምስጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ፤ ገንዘብ ለመቀበል ምስጢር ቁጥር አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

በስልክ ገበያ ገዢው እጁን ሊዘረጋ አይችልም። ስለዚህ ብርሃኑን አስተካክለን፣ ጀርባውን አጽድተን፣ ዕቃውን ከአምስት በኩል አንሥተን፣ እንከኑን ሳንደብቅ፣ ዋጋውንና መጠኑን በራሳችን እጅ ጽፈን እናቅርብለት። ይህን ያደረገ ሰው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስሙም ይሸጥለታል።

ጥያቄዎችና መልመጃ

1. በቀትር ፀሐይ የተነሣ ወንበር ምን ችግር አለበት?
2. ማታ በጉዱማሌ ሐይቅ ዳር ስናነሣ ጀርባችንን ወዴት እናድርግ? ለምን?
3. አንድ ሻጭ ቅርጫቱን በ300 ብር ሸጠ። ለማጓጓዣ 80 ብር ከፈለ። ገዢው ቅርጫቱን መለሰው፤ ለመመለሻውም ሻጩ 80 ብር ከፈለ። ገንዘቡንም መለሰ። የሻጩ ኪሣራ ስንት ነው?
4. በቤታችሁ ካለው ዕቃ አንዱን ምረጡ። ያንን ዕቃ በገበያ የሚገዛ ሰው በእጁ ምን ምን ያደርጋል? እያንዳንዱን ጻፉ። ከዚያም የትኛው በፎቶግራፍ፣ የትኛው በጽሑፍ ሊመለስ እንደሚችል ለዩ።
5. የመረጣችሁትን ዕቃ በአምስት ፎቶግራፍ አንሡ። ጽሑፉን ራሳችሁ ጽፋችሁ ዕቃውን አይቶት ለማያውቅ ጎረቤት አሳዩ። ከዚያም ዕቃውን አምጥታችሁ፣ «ያሰብከው ይህንኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «አዎን» ካለ ፎቶግራፋችሁ ጥሩ ምስክር ነው።